ጋሼ ያላዩት ሰማያዊ

ተመራማሪዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንጀቷ ሲያርር ሰነበተ። ጠዋት ጠዋት ታስተምራለች፤ እሷ ክፍል ስትገባ ሙከራውን የሚሠሩላት የላብራቶሪው ቴክኒሻን ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ኖረዋል፤ ትልቁም ትንሹም "ጋሼ" ይላቸዋል። ከሰዓት ስትመለስ ግን መዝገቡ ላይ ያው አንድ ቃል ይጠብቃታል፦ "አልያዘም"።

በሰውነታችን ካሉት ኢንዛይሞች አንዳንዶቹ እንደ መዳብ ያለ ቅንጣት በመሐላቸው ካልያዙ አይሠሩም። ኢንዛይሙ ራሱ ግዙፍና ውስብስብ ስለሆነ እሷ የምትሠራው ትንሽ አምሳያውን ነው። መዳብ የሟሟበት ውሃ ላይ ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ ይጨመራል። አሚኖ አሲዱ መዳቡን ጥርቅም አድርጎ ከያዘው ፈዛዛው ሰማያዊ ይደምቃል። ይህን ለማየት ዐይን ይበቃል።

አንድ ማክሰኞ ትምህርት ተሰርዞ ቀድማ መጣች። ጋሼ አንዱን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አንስተው ዐይናቸውን ጠበብ፣ ከፈት ያደርጋሉ። ውስጡ ያለው ቁልጭ ያለ ደማቅ ሰማያዊ ነው።

"ይኼም አልያዘም" ብለው ሊደፉት ሲሉ ክንዳቸውን ያዘች።

"ጋሼ፣ ይቆዩ! ከነዚህ ደማቁ የትኛው ነው?"

ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አዩ። "ሁሉም አንድ ናቸው" አሉ ቀስ ብለው። "አምፖሉ መስሎኝ አስቀየርኩት እኮ።"

ልትጮኽባቸው ነበር። ብልቃጡን እንደገና ወደ መስኮቱ ሲያነሡት ስታይ ግን ንዴቷን ዋጠችው።

"ለኃላፊው እንዳትነግሪብኝ፣ ልጄ። ጡረታ ውጣ ቢለኝ ቤት ቁጭ ብዬ ምን ልሆን ነው?"

"የዐይንዎን ነገር እኔ አላወራም። ነገ ግን ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን።"

"ነገ እንኳ ትንሽ ሥራ..."

"ነገ ነው ያልኩት፣ ጋሼ!"

የዐይን ሞራ ነበር። ሐኪሟ ሞራው ከቀለም ሁሉ ሰማያዊን እንደሚያደበዝዝ ነገረቻቸውና ለቀዶ ሕክምና ቀጠረቻቸው። ተመራማሪዋ ያን ቀን መዝገቡን ከፍታ "ቀለሙን አሳስተን አንብበናል፤ ሙከራው በሙሉ ይደገም" ብላ ጻፈች። ጋሼ ወረቀቱን ዐይናቸው ሥር አስጠግተው አነበቡት። "አንብበናል" የሚለው ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ከክፍል በፊት አብረው ሠሩ፤ እሳቸው ይለካሉ፣ እሷ ቀለሙን ትናገራለች። ታክመው የተመለሱ ዕለት ግን የአሚኖ አሲዱን ጠብታ ጨምረው ቀለሙን ራሳቸው ሊያዩ ተነሡ። ብልቃጡን ሲያነሡት አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

"ውይ! ይዞታል እኮ! እንዴት አድርጎ ይዞታል!" አሉ። እሷ እየሳቀች እንባዋን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች።

በሳምንቱ የጋሼ ባለቤት ደወሉላት።

"አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽብኝ? ግድግዳው ቆሽሿል እያለ ቤቱን ሊያስቀባኝ ነው! ምን ቀለም እንዳማረው ታውቂያለሽ?"