በአንድ ዓይን የተሣልኩበት ቅዳሜ

የልጄ ልጅ ኤልዳና ቅዳሜ ቅዳሜ ዳውንታውን ሥዕል መማር ከጀመረች ወዲህ አፏ ሌላ ስም አያውቅም። «ሚስስ ሃሩኖ እንዲህ አለች፣ ሚስስ ሃሩኖ እንዲያ አለች።» ሴትዮዋ ጃፓናዊት ሠዓሊ ናት። የአገሯን የጥንት ሥዕል እንደ ጥንቱ በድንጋይ ዱቄትና በቆዳ ሙጫ ትሠራለች፤ ግን የተለመደውን ጥቁር መስመር ትታ በቀለም ብቻ ጥላውንም ጭጋጉንም ታወጣዋለች። አገሯ ያሉ ሽማግሌዎች «አበላሸሽው» ብለው ሰድበዋት ነበር አሉ። ዛሬ ግን የእነሱ ልጆች የሚሥሉት እንደ እሷ ነው።

የእኔም አባት እኮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። አጠገባቸው ቀለም እያሸሁ ነው ያደግሁት። ላስተምርሽ ስላት «ሌላ ጊዜ እማማ፣ ቢዚ ነኝ» ያለችኝ ልጅ፣ ለባዕድ ሴት ድንጋይ ስትፈጭ ትውላለች። እንዴት አልቃጠል? ደግሞ ያ አቧራ ሳንባዋ ቢገባስ?

ባለፈው ቅዳሜ የተማሪዎቹ ሥዕል ለሰው ይታይ ነበርና ከሰፈራችን ከዋይትሆርን በሲ-ትሬን፣ በከተማው ባቡር፣ አብሬያት ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ራሴን አየሁ። ነጠላዬ እንደ ጉም ነው፤ ያምራል፣ አልዋሽም። ፊቴ ግን ወደ ጎን ዞሯል። አንድ ዓይን ብቻ!

«ምን በድዬሽ ነው ከይሁዳ ጋር የደመርሽኝ?»

«ዋት? እማማ፣ ፕሮፋይል እኮ ነው!»

«በእኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይሽ። በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው! የቤተ ክርስቲያን ሰው መጥቶ ቢያየኝስ?»

«አይ ስዌር፣ አላወቅኩም! በመስኮት እኔን ሲጠብቁ ነው የሣልኩዎት።»

ይህን ጊዜ ሴትዮዋ መጣች። ኤልዳና ነገሩን በእንግሊዝኛ ነገረቻት። አልሳቀችም። አንድ ነገር ጠየቀች።

«ጻድቁ ዘወር ብሎ ሰው ማየት ቢፈልግስ፣ ሠዓሊው ምን ያደርጋል? ትላለች» አለችኝ ኤልዳና።

እኔን ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። መጠየቅ የነበረባት ግን የእኔዋ ኤልዳና ነበረች።

«አባቴ የጻድቁን ሰውነት ያዞሩት ነበር፤ ሁለቱን ዓይኖች ግን...»

ሴትዮዋ ደብተር አወጣች። ደሜ ፈላ።

«እሷ አትጻፍ! አንቺ ጻፊ፣ ኤልዱ። የአባቴ ነው። በኋላ ትነግሪያታለሽ።»

ኤልዳና አጠገቤ ቁጭ አለች። «ቀስ ይበሉ፣ እማማ። ከመጀመሪያው።»

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ የራሷን እርሳስ አቀበለቻት። ምነው እርሳሱን እንኳ እኔ በሰጠኋት።