ስንት ሰው ያስተዳድራሉ?

ቩዮካዚ በምታታ ከተማ የውኃ ቢሮ ጸሐፊ ናት። ያላት አንድ ክሬዲት ካርድ ነበር፤ የገዛችበትንም ወሩ ሳያልቅ ሙልጭ አድርጋ ትከፍላለች። ባልደረቦቿ በአንድ ወር ለካርድ አራት ባንክ አመልክተው፣ አንዱ ባንክ ሲከለክላቸው ወደ ሌላው ሲሮጡ፣ ማመልከቻው ሁሉ በስማቸው እየተመዘገበ ለቀጣዩ እንቅፋት ሲሆንባቸው አይታለች። ስለዚህ ሁለተኛ ካርድ ሲያስፈልጋት አልተጣደፈችም። የሦስት ባንኮችን ወለድ አነጻጽራ አንዱን ብቻ መረጠች።

ያስፈለጋት በአባቷ በዳሊንዬቦ ምክንያት ነው። ኩላሊታቸው ደክሞ ደማቸው በማሽን ይጣራል። የመንግሥት ሆስፒታሉ ማሽን ሲበላሽ ደግሞ ወደ ግል ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ለዚያ ቀን ብቻ የሚቀመጥ ካርድ ፈለገች።

ሐሙስ ዕለት ከሆስፒታል ሲመለሱ አባቷን ይዛ ባንክ ገባች። ሽማግሌው አጠገቧ ወንበር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። ቅጹን የምትሞላው ሲናዞ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ነበረች። በገቢዋ ስንት ሰው እንደምታስተዳድር ስትጠይቃት ቩዮካዚ ቆጠረች፤ ሁለት ሴት ልጆቿ፣ አባቷ፣ የሟች እህቷ ሦስት ልጆች፣ ገጠር ያለችው የአጎቷ ሚስት። ሰባት።

ሲናዞ ጽፋ ቆም አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ ሰባት ካሉ አያልፍልዎትም። የወለዷቸውን ብቻ ይበሉ። ሁሉም የሚያደርገው እንደዚህ ነው።»

ቩዮካዚ ወደ አባቷ ዞር ብላ አየች። የተኙ መሰላት።

«እሺ፣ ሁለት በይው» አለች። ሰባቱ ተሰረዘ፤ ፈረመች።

ሚኒባስ ውስጥ ሁልጊዜ በሾፌሩ ሙዚቃ የሚያሾፉት አባቷ ያን ቀን ሙዚቃውን የሰሙትም አይመስሉም ነበር። ሰፈር ሊደርሱ ሲሉ፣ «ልጄ፣ እኔ የማን ነኝ?» አሏት።

«ምን ማለትዎ ነው አባዬ?»

«ሁለት ስትዪ ሰምቻለሁ። ማዕድን ስቆፍር በእኔ ደመወዝ አሥራ አንድ ሰው ይበላ ነበር። አንዳቸውንም ሰርዤ አላውቅም።»

ለእርሳቸው ብላ እንዳደረገችው ነገረቻቸው። ወረቀት እኮ ነው አለቻቸው።

«ከማዕድኑም ያባረሩኝ በወረቀት ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሰኞ ጠዋት ለደም ማጣሪያው ሆስፒታል ልትወስዳቸው ስትመጣ አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ አገኘቻቸው። ዛሬ አልሄድም፣ ደክሞኛል አሉ። ለመነቻቸው፤ አልሰሟትም። ድካም ይሁን ቅያሜ አላወቀችም። ደማቸው ሳይጣራ ቀርቶ ረቡዕ እግራቸው አብጦ አደረ።

የዚያኑ ዕለት ከባንኩ መልእክት መጣ። አርባ ሺህ ራንድ ተፈቅዶላታል። ቩዮካዚ ቢሮዋ ተቀምጣ በደመወዟ የሚኖሩትን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበች። አባቷ ሁለቴ የግል ሆስፒታል ቢገቡ ያንን ብድር መልሳ መክፈል እንደማትችል ገባት። ቅጹ ያን ጥያቄ የጠየቃት ለዚሁ ኖሯል።

በምሳ ሰዓት ተመልሳ ሄዳ ቁጥሩ ይስተካከልልኝ አለች። ሲናዞ ፊቷ ተለዋወጠ። «የጸደቀለት ሰው ይመልሳል እንዴ? እኔንስ ምን ሊሉኝ ነው?»

«አንቺን አላነሳም። ተሳስቼ ነው እላለሁ» አለቻት።

ሐሙስ ማለዳ አዲሱ ውሳኔ ደረሳት፤ አምስት ሺህ ብቻ። የቢሮ ጓደኛዋ ደውላ ዛሬውኑ ሌላ ባንክ አመልክቺ ብላ ወተወተቻት። ይህ ማመልከቻ ስድስት ወር ሳይሞላው ሌላ አይሆንም አለቻትና ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ አባቷ ክፍል ገብታ ቅጹን እንዳስተካከለች፣ ሰባቱም እንደተጻፉ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ያበጠ እግራቸውን እያሻሹ ጠየቋት።

«አምስት ሺህ የግል ሆስፒታል ስንት ቀን ያስተኛል?»

«አንድ ቀንም አያስተኛም።»

«ታዲያ ማሽኑ ቢበላሽስ?»

«አላውቅም፣ አባዬ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉላት፤ ደግፋ አስነሳቻቸውና ወደ ሆስፒታሉ ሊሄዱ ኮታቸውን አለበሰቻቸው።