ያጠብኩት ጠርሙስ

...እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን ሊሆን፣ በእነዚህ እጆቼ ሙልጭ አድርጌ ያጠብኩት እኔው ነኝ፣ ጠዋት የልጅ ልጄ የምታስተምርበትን ክፍል ስጠርግ ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ጠርሙስ፣ ገለጥ ባደርገው የበሰበሰ ቅጠል፣ ትል፣ ሽታው አይጣል፣ ዛሬ ገምጋሚ ይመጣባታል ብዬ ደፋሁት፣ በሳሙና ፈተግሁት፣ ጨርቁን እንደነበረ መለስኩ። ላበጅ ብዬ ፈጀሁ።

በሩ ገርበብ ብሏል፣ መወልወያዬን ተደግፌ አያለሁ፣ ገምጋሚው ኋላ ተቀምጦ ይጽፋል፣ ዛሬ ካልወደዳት መምህርነቷ አበቃ። ሣሩን አንበጣ ይበላዋል፣ አንበጣውን ወፍ፣ ወፉን ጭልፊት፣ ትላለች፣ ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ በልጅነቷ ዕቃ ስትሰብር የምታወጣው ድምፅ ነው። ልጆቹ ሣርና ወፍ እየሆኑ ክር ይቀባበላሉ፣ ቋንቋችንን ገና የሚለማመደው ረጅሙ ልጅ ጭልፊት ሆኖ በእጁ ክንፍ ይሠራል፣ እሰይ የኔ አንበሳ። ሁሉም ሲሞትስ ማን ይበላዋል? ትላለች። ጨርቁን ሳትገልጥ ጠርሙሱን ለዓይነ ስውሯ ተማሪ ትሰጣታለች፣ ሦስት ሳምንት ያበሰበሰችው ለካ ለእሷ ነው፣ ከሁሉም ቀድማ በአፍንጫዋ እንድታውቅ፣ ልጅቷ ታሸታለች፣ ቲቸር፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሳቁ! የሞተ ሁሉ ላውንደሪ ይገባላ፣ ይላል አንዱ ቀልደኛ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ። ገምጋሚው ይጽፋል።

ቆይ። የት ነው የደፋሁት? ከመጸዳጃው ጀርባ፣ የግቢውን ቅጠል ስንት ዓመት የምከምርበት፣ እሮጣለሁ፣ አንተ ጉልበት ዛሬ እንዳታዋርደኝ፣ ከሥር ከሥሩ የበሰበሰውን እየዛቅሁ ባልዲውን እሞላለሁ፣ እመለሳለሁ፣ አንኳኳለሁ፣ እገባለሁ። መምህርት፣ ያዘዙኝን አምጥቻለሁ። ያሳደግኋትን ልጅ አንቱ አልኳት! ታየኛለች። ባልዲውን ታያለች። ገባት፣ እናመሰግናለን እማማ፣ ትለኛለች እንደ ተማሪዎቹ።

ዓይነ ስውሯ ልጅ እጇን እስከ ክርኗ ባልዲው ውስጥ ትከተዋለች፣ ውይ! ይሞቃል! ቲቸር ከውስጥ ይሞቃል፣ እየበሉት ነው እንዴ? እየበሉት ነው፣ ትላታለች የልጅ ልጄ፣ የማይታዩትም ጭምር፣ ድምጿ አሁን አይንቀጠቀጥም። ቀልደኛው፣ እኔም ልንካ። ወንበር ይንኳኳል፣ ገምጋሚው ብዕሩን ትቶ እጅጌውን እየሰበሰበ ይመጣል።

አፈሩ ወለሉ ላይ ተበትኗል፣ የኔው ወለል፣ እጄ ወደ መጥረጊያው ሲሄድ ተዪው እማዬ፣ ትለኛለች በጆሮዬ፣

እተወዋለሁ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሻሻ እያየሁ እተወዋለሁ።