በአረቄ የከረመች ሙሌት

ደግሞ ያው መንጋጋ ነው፣ በግራ በኩል የታችኛው፣ ጋሼ ደምሴ አፋቸውን ከፍተው ተንጋለዋል፣ እኔ መብራቱን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ዶክተር ቤዛዊት በትንሿ መስታወት ወደ ውስጥ እያየች ዝም ብላለች። ዝም ስትል አልወድም። ስትሠራ ታወራለች፣ የምታወራው ለጥርሱ ነው፣ ና እስቲ፣ ማን ነካህ፣ እዚህ ጋ ምን ሆንክ፣ ትለዋለች፣ የሚታከመው ሰው ሊስቅ ይፈልግና አፉ እንደተከፈተ ይቀራል። ዛሬ ግን ዝም። አንድ ጥርስ፣ ሙሌቱ ሲወድቅ ሦስተኛ ጊዜ።

የጋወኔ ኪስ ውስጥ ሦስት ብልቃጦች አሉ። ከተንቀሳቀስኩ ይጋጫሉ፣ አልንቀሳቀስም።

ጋሼ ደምሴ አጎቴ ናቸው፣ የእናቴ ወንድም፣ ከውርጌሳ ወደ መርሳ ያመጡኝ፣ ያበሉኝ፣ ይህችን የጽዳት ሥራ ለምነው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፣ ታዲያ በእሳቸው ላይ ምን አፍ አለኝ። መካኒክ ናቸው። ምሳቸውን ጋራዥ ሳደርስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ የሴትዮዋ ሲሚንቶ አሸዋ በዝቶበታል፣ አሉ፣ ሾፌሮቹ ሳቁ፣ እኔ ሳህኑን ይዤ አቀረቀርኩ፣ ሳቁ ግን እዚያው ጋራዥ አልቀረም። ፍቅሩ የሚባለው የሚኒባስ ሾፌር ቀጠሮውን ተወ፣ ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ቀሩ፣ ባለፈው ሳምንት ወንበሩን ወልውዬ ጨርሼ ጠዋቱን ሙሉ ማንም አልተቀመጠበትም። ዶክተር ከወልድያ የምትመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ሰው ከጠፋ ሁለቱንም ቀን ትተዋለች። ራሷ ነገረችኝ፣ እጇን እየታጠበች፣ ወይንሸት፣ መርሳን ልተዋት ነው መሰለኝ፣ አለች፣ እንደ ቀልድ። ቀልድ አልነበረም።

እጇ። እጇን ማየት እወዳለሁ፣ ጥፍሯ ከሥሩ የተቆረጠ፣ ጣቷ አጭር፣ ነጩን ሙሌት ጉድጓዱ ውስጥ ስታስቀምጥ እናቴ ሹሩባ ስትሠራ እንደምታደርገው ነው፣ አትቸኩልም፣ ትንሽ ታደርጋለች፣ ታያለች፣ ትንሽ ትጨምራለች፣ ጥርሱ ጤነኛ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር የምታስታውሰው ነው የሚመስለው። ስትጨርስ የቱ ጥርስ የቱ ሙሌት እንደሆነ እኔ መለየት አልችልም፣ መብራት ይዤ ላዩ ላይ ቆሜ። ከዚያ ሰማያዊውን መብራት ታበራበታለች፣ እንደ ሊጥ የነበረው ድንጋይ ይሆናል፣ ሃያ ሴኮንድ፣ በሆዴ እቆጥራለሁ። በሆዴ አንቺ ነው የምላት። በአፌ አንቱ። አንቱ አትበይኝ፣ አሮጊት አስመሰልሽኝ፣ ትላለች፣ አልችልም፣ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ የቀረች ልጅ በምን አፏ።

ሁለተኛው ሙሌት የወደቀ ቀን ጠረጴዛዋን ሳጸዳ ማስታወሻዋን አየሁ፣ ምናልባት ምራቅ ነክቶት፣ ምናልባት መብራቱ ደክሞ፣ ምናልባት እኔ፣ ይላል፣ እኔ ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። አጎቴ እሷን ያማሉ፣ እሷም ራሷን ታማለች።

ሙከራውን ያስጀመረኝ ግን የራሷ ንግግር ነው። አንድ ቀን የፕላስቲኩን ትሪ በአሴቶን ልጠርግ ስል ያዘችኝ፣ አትንኪው፣ አንዳንድ ፈሳሽ ጠንካራ ነገር ውስጥ ቀስ ብሎ ይገባና ያላላዋል፣ ማሟሟያ ይባላል፣ ሙሌቱም ውስጡ ፕላስቲክ ስላለው እንደዚያው ነው፣ አለችኝ፣ ለእኔ፣ መወልወያ ለያዝኩት፣ እንደ ሥራ ባልደረባዋ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ያን ጊዜ ቤንዚን ትዝ አለኝ። ጋሼ ደምሴ ቤንዚን የሚስቡት በአፋቸው ነው፣ ቱቦውን ታንከሩ ውስጥ ይከቱና ይመጥጡታል፣ አፋቸው ሲደርስ ተፍተው ጫፉን ጀሪካን ውስጥ ይለቁታል። ቤንዚኑ ነው አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ።

መብራቱን ስትሞክር መስታወት ላይ የምታደርቃትን ፍርፋሪ ሙሌት ትጥላታለች፣ እኔ ሦስት አነሳሁ፣ ሽንብራ የማያህሉ፣ በባዶ የመርፌ ብልቃጥ፣ አንዷን በውሃ፣ አንዷን በቤንዚን። አንድ ብልቃጥ ተረፈኝ። ምን ልጨምርበት፣ አፋቸው ውስጥ ሌላ ምን ይገባል።

መለኪያዋ። ከጋራዥ ሲገቡ በመለኪያ አረቄ አቀርብላቸዋለሁ፣ አይጠጡትም፣ ተስለው መጠጥ ከተዉ አራት ዓመታቸው ነው፣ አፋቸው ውስጥ ይይዙታል እንጂ፣ የግራ ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ጫማቸውን ፈትተው እግራቸውን እስኪታጠቡ፣ ከዚያ ደጅ ይተፉታል። የቤንዚን ጣዕም የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው ይላሉ። ሦስተኛዋን በአረቄ ዘፈዘፍኳት።

ፍልሰታ ሲገባ ያስቀመጥኳቸውን ትናንት አወጣኋቸው፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል። በመርፌ ጫርኳቸው። የውሃዋ እንደ ጠርሙስ ጭርር አለች። የቤንዚኗ ትሸታለች፣ ግን እሷም ጭርር፣ ደግሜ ጫርኳት፣ ላላ በይ ብዬ ለመንኳት፣ እምቢ። የአረቄዋ ድምፅ አልነበራትም። መርፌው ነጭ መስመር ትቶባት አለፈ፣ ጠርዟ እንደ ጧፍ ተፈረፈረ። አረቄውን የምቀዳላቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ዶክተር መስታወቷን አስቀመጠች። ጋሼ ደምሴ፣ አለች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ጥርስ ወልድያ ሌላ ሐኪም ቢያይልዎ ይሻላል፣ እኔ አልቻልኩበትም።

አልቻልኩበትም። እሷ። እጇ ወደ ጥጡ ሄደ፣ ከአጎቴ ጉንጭ ልታወጣው ነው፣ ጥጡ ከወጣ ይናገራሉ፣ እሳቸው ከተናገሩ እኔ አልናገርም፣ ራሴን አውቃለሁ፣ አሁን ካልሆነ፣ ኪሴ፣ ብልቃጦቹ ተጋጩ፣

አረቄው ነው።

ማን ነው ያለው። እኔ ነኝ። አረቄው ነው ዶክተር፣ ማታ ማታ በዚያ ጉንጫቸው ይይዙታል፣ የማቀርብላቸው እኔ ነኝ።

ብልቃጦቹን አውጥቼ፣ ይህ ውሃ፣ ይህ ቤንዚን፣ ይህ አረቄ ስላት መብራቱ ጣሪያው ላይ ሄዷል። እሷ ብልቃጦቹን ተቀበለችኝ፣ ክብ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ አጎቴን ረሳቻቸው፣ በራሷ መንጠቆ አንድ በአንድ ጫረቻቸው፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሰማው፣ ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ገለጠች። መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፣ አለች፣ በዓይኔ ሳይ ገና ዛሬ ነው። ቤንዚኑን ለምን ጨመርሽ። ቤንዚኑ ነው ብዬ ነበር፣ አልኩ፣ አልሆነም። አልሆነም ብለሽ ግን አልደበቅሽውም፣ አለችኝ፣ ጆሮዬ ጋለ፣ መሬት መሬቱን አየሁ።

የወደቀው በዚህ ብቻ ነው ብዬ አልምልም፣ አለች ወደ አጎቴ ዞራ፣ ግን የላላ ነገር አይቆይም።

ጥጡን ራሳቸው አወጡት። አልጠጣሁም፣ አሉ፣ መጀመሪያ ያሉት ይህን ነው፣ ስለቴን አላፈረስኩም። እርስዎ አልጠጡም ጋሼ፣ አለቻቸው፣ ሙሌቱ ጠጥቶልዎታል።

አሁን ወደ እኔ ይዞራሉ። ዞሩ። ሰላይ ነው እንዴ ያሳደግኩት፣ አሉ፣ ጉንጫቸውን ዳበሱ፣ ታዲያ የቤንዚኑን ጣዕም በምን ላውጣው። በእጅ ፓምፕ ይሳቡት፣ አፍዎ ጀሪካን አይደለም፣ አለች ዶክተር። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ መልሰው ገጠሙት፣ ለፍቅሩ እኔው እነግረዋለሁ፣ አሉ፣ ለጣሪያው የሚናገሩ ይመስላሉ፣ አሸዋ የለበትም እለዋለሁ። ከዚያ ከፈቱ።

ጠረገች፣ አደረቀች፣ ትንሽ አድርጋ አየች፣ ትንሽ ጨመረች፣ ና እስቲ፣ አለችው ጥርሱን፣ ደግሞ እንዳትጥልብኝ። ሰማያዊውን መብራት በእጄ አስያዘችኝ። በእኔ እጅ። ጮክ ብለሽ ቁጠሪ፣ አለችኝ።

አንድ፣ ድምፄ ቀጭን ነው፣ ሁለት፣ ጋሼ ደምሴ በአንድ ዓይናቸው ያዩኛል፣ ሦስት፣ ይዩኝ፣ ስምንት፣ ዛሬ ማታ መለኪያዋን ውሃ ነው የምሞላት፣ አሥራ ሁለት፣ የወልድያ ሚኒባስ ጥሩንባውን ይነፋል፣ እሷ ግን ሰዓቷን አላየችም፣ እጄን ነው የምታየው፣ አሥራ ስድስት፣ አይንቀጠቀጥም፣ አሥራ ስምንት፣ ስጨርስ አንቺ እላታለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ፣