ስም የሚፈልግ ዜማ

ይህ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ወላሂ ነው የምላችሁ። ክርስቲያን ሆነህ እንዴት ወላሂ ትላለህ የሚለኝ ካለ፣ ኮምቦልቻ ያደገ ሰው በሁለቱም በኩል ካልማለ የሚያምነው እንደሌለ ይወቅልኝ፤ ሚካኤልንም ጨምሩበት። ቦርከና ወንዝ ውስጥ አዞ አየሁ ያልኩ ጊዜ ያላመኑኝ ሁሉ ይሄንንም ላያምኑ ይችላሉ፤ የራሳቸው ጉዳይ። እኔ ግን ይህን ስጽፍ እጄ ይቀዘቅዛል። እንቁላል በኪስ በሚቀቅለው የኮምቦልቻ ፀሐይ እጅ ሲቀዘቅዝ አይታችሁ አታውቁም።

ጸጋው ኪዳኑ የደሴ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ጥሎ በሐረጎ ተራራ ቁልቁል ወረደና ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ላይ ገባ። በደመወዙ ያሳደጋት አንዲት እህት አለችው፣ ወንጌላዊት። ወንጌላዊት ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ልታገባ ቀን ተቆርጦ ነበር። ከወንድሟ የለመነችውም አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባባ ቢኖር ስሜን ጠርቶ ይመርቀኝ ነበር» አለችው። «አንተ ስሜን ጠርተህ ዝፈንልኝ። በራስህ ጊታር።»

እሺ አላት። እሺ ያለው አፉ ነው፤ እጁ አልሰማም። ጸጋው ጊታር መምታት ከስልክ ላይ ተምሯል፤ ጣቱ ትዝታውን ሲያወርደው ጎረቤት ሬድዮ ያጠፋል። ድምፁም ቢሆን ሸጋ ነው። ግን አፉን ሲከፍት እጁ እንደ በቅሎ ቆም ይላል፤ እጁን ሲነዳው ደግሞ አፉ ይዘጋል። አንድ ቤት ተከራይቶ አብሮት የሚኖረው መሕሙድ፣ የማሽን ጎረቤቱም ነው፣ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ ይሰማዋል።

«ማሻአላህ፣ ተከባብራችኋል» ይለዋል። «አንተ ስትጀምር እሱ ዝም፣ እሱ ሲጀምር አንተ ዝም። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከባልና ሚስትም አላየሁ።»

«ሳቅ። እጄና አፌ የተለያየ ሰው ሆነውብኝ ነው።»

«እጅና አፍ አንድ ላይ የሚነዳ ሰው ከፈለግህ አልቃሽ ጠይቅ። እጇ ደረቷን ይደቃል፣ አፏ ሙሾ ያወርዳል፣ ዓይኗ ደግሞ ንፍሮው መድረስ አለመድረሱን ያያል።»

መሕሙድ ቀልዱን ነው። ጸጋው ግን በነጋታው የእረፍት ቀኑ ነበርና ሚኒባስ ይዞ ሐረጎን ወጣ፤ ከደሴም ወደ ኩታበር ተሻገረ።

ኩታበር ላይ እትዬ ብዙዬ የሚባሉ የአባቱ ዘመድ አሉ። በአገሩ እሳቸው ያላለቀሱለት ሰው በደንብ ሞተ አይባልም። ለአባቱም ሙሾ ያወረዱት እሳቸው ናቸው። አሁን አርጅተዋል፤ ጉሙ እስከ ደጃቸው ወርዶ ቤቱን ውጦት፣ ጸጋው በሩን ያገኘው በዳሰሳ ነው።

የመጣበትን ሲነግራቸው ረጅም ጊዜ ጊታሩን አዩት።

«ለሰርግ ልትዘፍን ሙሾ ልትማር መጣህ?»

«ሙሾውን አይደለም እትዬ። እጅና አፍ እንዴት እንደሚስማሙ ነው።»

«በሌላ አላውቅም፣ ልጄ። የእኔን ያስታረቀው ሐዘን ነው።»

ቢሆንም አላሳፈሩትም። ቀስ ብለው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ፤ እሱም ያንኑ ምት በክሩ ላይ ተከተለ። ቀጥሎ ግጥሙን ሰጡት፦

ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ቢበረታ፣
... ሄደ አሉ ሳይሰጠን ሰላምታ።

የመጀመሪያውን መስመር አለና ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቀጥ አለ። ደገመው። ቀጥ።

«ባዶ ነዋ» አሉት። «ስም አግባበት። ይሄ ዜማ ስም ሲያገኝ ነው የሚሄደው።»

«የማንን?»

«የአባትህን ነዋ።»

ጸጋው የአባቱን ስም አስገብቶ «ኪዳኑ ሄደ አሉ» ብሎ ዘፈነ። እጁ አልቆመም። ክሩ ከአፉ ሥር እንደ ውኃ ወረደ፤ እጁም አፉም የአንድ ሰው ሆኑ። ልቡ እስኪጠፋ ደስ አለው። እንባው ግን ወዲያው መጣ።

ሲሸኙት እትዬ ብዙዬ ክንዱን ጨበጡት። ጣታቸው እንደ ጦሳ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር።

«ስትለማመድ የሞተ ሰው ስም ብቻ። በቁሙ ያለ ሰው ስም እንዳታስገባ። ሟርት ነው። ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

የሰማው ጆሮው ነው።

ኮምቦልቻ ተመልሶ የአባቱን ስም እያስገባ ሊለማመድ ሞከረ። በጀመረ ቁጥር ያለቅሳል። እያለቀሱ ደግሞ መዝፈን አይቻልም። መሕሙድ መፍትሔ አመጣ፦

«የሚያስለቅስህን ሰው ምን አስገባህ? ሰማኸኝን ቅበረው። ለእሱ ማን ያለቅሳል?»

ሰማኸኝ የፈረቃ ኃላፊያቸው ነው። ሽንት ቤት የሄደ ሠራተኛ ሲዘገይ በር ላይ ቆሞ እህ እህ የሚል ሰው ነው። ጸጋው እያመነታ ጀመረ። «ጦሳ ተራራ ላይ» አለ፤ «ሰማኸኝ ሄደ አሉ» አለ። ምን የመሰለ ሆኖ ወጣ። እንባ የለ፣ መቆም የለ። ሰላምታ የምትለው ቃል ጋ ሳይደርስ ግን መሕሙድ በሳቅ ተንፈራፈረ፤ ጸጋውም አብሮት ሳቀና መስመሩ ከመሃል ተቆረጠ።

በነጋታው ሰማኸኝ ማሽኖቹ መሃል ቆሞ ጣቱን ወደ አንዲት ልጅ እንደቀሰረ ወደቀ። ሲያነሱት ግራ ጎኑ በድን ሆኗል። ግማሽ ፊቱ ይቆጣል፣ ግማሹ ዝም ብሏል። መኪና ላይ ጭነው ወደ ደሴ ወሰዱት።

ማሽን ክፍሉ ውስጥ ሰው ጮሆ ቢናገር አይሰማም፤ ሠራተኛው ሁሉ በከንፈር ነው የሚያወራው። መሕሙድ ከማዶ ሆኖ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ።

«ግማሹን ነበር የዘፈንከው።»

ጸጋው ዞር አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማሽኑ ሁሉ «ጦሳ ተራራ ላይ» እያለ የሚመታ መሰለው።

ሰው ሲፈራ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የፈራውን ነገር ይነካካል። በሦስተኛው ቀን ወደ ማምሻው ላይ መሕሙድ «እንሞክረው» አለ። «ሰማኸኝን የጣለው ደም ግፊት ነው ይላሉ። ደም ግፊት ከሆነ እንረፍ፤ ካልሆነም እንወቀው።» የሚኖሩበት ግቢ በር ላይ ድፈር የሚባል ሽማግሌ ውሻ ነበር፤ ጥርሱ አልቆ ዳቦ በሻይ የሚበላ። ጸጋው በሩን ዘግቶ፣ ሳይስቅ፣ እስከ ሰላምታ ድረስ ዘፈነለት። «ድፈር ሄደ አሉ» አለ። እጁም አፉም እንደዚያ ቀን ተስማምተው አያውቁም።

ጠዋት ድፈር በሩ ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። ዝንብ እንኳ አልቀረበውም።

መሕሙድ አዑዙቢላሂ ብሎ ወደ ቤት ተመለሰና ፍራሹ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቀኑን ሙሉ ቀልድ አልወጣውም።

ጸጋው ዜማውን ሊተወው ወሰነ። ሌላ ዘፈን ያዘ፣ የሰርግ፣ ደስ የሚል። እጁ ሲጀምር አፉ ግን የሰርጉን ግጥም አላወጣም። «ጦሳ ተራራ ላይ» አለ። አፉን ዘጋው፤ ከጥርሱ ኋላ ይዘፍናል። ድሮ እጁና አፉ አብረው አልሄድ ብለውት ነበር፤ አሁን አልለያይ አሉት። ጊታሩን በነካ ቁጥር አፉ ይከፈታል፤ ዜማውም ባዶዋ ቦታ ላይ ደርሶ ስም ይጠብቃል።

ሁለተኛ ጊዜ ኩታበር ሲወጣ እትዬ ብዙዬ ፊቱን አይተው ገና በር ላይ አወቁት።

«አስገባህ አይደል? በቁሙ ያለ ሰው።»

አንገቱን ደፋ።

«እንግዲህ ዜማው ለምዶብሃል።»

«ጀምሬ ስም ሳላስገባ ባቆምስ?»

«ራሱ ያገኛል። ቅርብ ያለውን ይወስዳል።»

«ሰርጉ ላይ የአባቴን ስም ብጠራስ? እሱ ሞቷል።»

እትዬ ብዙዬ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። «ለቅሶ ላይ ቢሆን ደግ ነበር። ሰርግ ላይ የሞተን ሰው ስም ጠርተህ እንደሆነ ጠራኸው ማለት ነው። የተጠራ ይመጣል፤ ሰርግ የመጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም። ከሰርግ ቤት ምን ይዞ የሚሄድ ይመስልሃል?»

ጸጋው እህቱን አሰበ። ነጭ ለብሳ ታየችው።

የሰርጉ ቀን ጊታሩን ኮምቦልቻ ትቶ ነበር የሄደው። ጉሮሮዬን አሞኛል ብሎ ለእህቱ ሊነግራት አስቧል። ወንጌላዊት ግን ተንኮለኛ ናት፤ ባዶ እጁን መምጣቱን ስታይ የሙሽራውን ሚዜ ልካ ጊታሩን አስመጥታዋለች። ደሴ ላይ የተከራዩት አዳራሽ ጢም ብሎ፣ እንግዳው በልቶ፣ ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ሲያርፍ፣ ሙሽሪት ራሷ ተነሥታ ማይክራፎኑን ያዘች።

«ወንድሜ አባቴን ሆኖ አሳድጎኛል» አለች። «አሁንም አባቴን ሆኖ ስሜን ይጠራልኛል።»

እልልታው ጣሪያውን አነሣው። ጊታሩን አሳቀፉት፤ ወንበር ሰጡት። ጸጋው ጉሮሮውን ይዞ ራሱን ቢነቀንቅ ሰው አፈረ ብሎ አጨበጨበለት። ክሩን አልነካም ብሎ እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እጁ ግን የሚያውቀውን እንጨት ሲያገኝ በራሱ ተነሣ።

ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ቢበረታ።

ወጣቱ አጨበጨበ፤ ዜማው ደስ ብሎታል። በስተግራ የተቀመጡት አሮጊቶች ግን እልልታቸውን አቋረጡ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌላዋ የጎረቤቷን ጉልበት ያዘች። ለምን የሰርግ ቤት ውስጥ ሙሾ እንደሚሰማ አልገባቸውም፤ ሙሾ መሆኑ ግን አልጠፋቸውም።

ወንጌላዊት ፈገግ ብላ ስሟን ትጠብቃለች። ቅርብ ያለችው እሷ ናት፤ ከወንበሩ ሁለት ክንድ ብትርቅ ነው። እጁ ባዶዋን ቦታ አንድ ጊዜ ዞራት። ጸጋው ምላሱ ላይ ወን የሚለው ድምፅ ሲሰበሰብ ተሰማው፤ እሱ አልሰበሰበውም። ጥርሱን ነከሰ። እጁ ሁለተኛ ዞረ።

ለሙስሊም እንግዶች በተለየው ጠረጴዛ ጫፍ መሕሙድ ቆሟል። ፊቱ ዐመድ መስሏል። እንደ ማሽን ክፍሉ ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ጸጋውም ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አነበበው።

«የኔን በል።»

ጸጋው እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እህቱን አንድ ጊዜ አያት፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ጸጋው ሄደ አሉ ሳይሰጠን ሰላምታ።

እስከ መጨረሻው ቃል ዘፈነው። ሳይስቅ፣ ሳይቆርጥ። ሲጨርስ እጁ ከክሩ ላይ ወደቀና የራሱ እጅ ሆነ። ወንጌላዊት መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«የኔን ስም ረሳኸው እኮ» አለችው እያለቀሰች እየሳቀች።

«ረሳሁት» አላት። «ይቅር በይኝ።»

ወንጌላዊት ደህና ናት። አሁን ልጅ ይዛለች። ሰማኸኝ በምርኩዝ ይሄዳል። ጊታሩ ኮምቦልቻ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ክሮቹ ወደ ግድግዳው ዞረው። ጸጋው ከሰርጉ በኋላ ወደ እትዬ ብዙዬ አንድ ጊዜ ሄዶ ነበር፤ እሳቸው ግን ለሰላምታው መልስ አልሰጡትም። ለቀስተኛ እንደሚያስገቡ ዝም ብለው ቦታ አሳዩት፤ ሲወጣም ነፍስ ይማር አሉ።

«መቼ ነው እትዬ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

«ለውሻና ለሰው ጊዜው አንድ አይደለም» ነው ያሉት።

ከዚያ ወዲህ መሕሙድ ሱብሒ ሰግዶ ሲጨርስ፣ ገና ሳይነጋ፣ ወደ ማዶው ፍራሽ ዞር ብሎ «ጸጋው?» ይላል። ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። እስከ ዛሬ ድረስ «አቤት» ይለዋል። አንዳንድ ቀን ይዘገያል።

አሁን ስለማልኩ አንድ ነገር ላስተካክል። በሚካኤል ምዬ ውሸት አላስቀርም። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፤ አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። ድፈር የሚባል ውሻ አልነበረም። እትዬ ብዙዬም ስለ ውሻ አልተናገሩም። በዚያ ምሽት በሩ ተዘግቶ እስከ ሰላምታ ድረስ የተዘፈነለት ስም የውሻ ስም አይደለም። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ቤተሰቦቹ እስካሁን እዚሁ ሠፈር ይኖራሉ፣ እንዴት እንደሞተም አያውቁም።