አርባ አንድ ዓረፍተ ነገሮች

1.

ዝናሽ ውሃውን አንሥታለች።

እዚያው ላይ ትያዝልኝ። መጀመሪያ ማን ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ ይምታታባችኋል።

2.

የክፍል ምልከታ ቅጽ
መምህር፦ አሰግደው ውበቱ፣ ኬሚስትሪ፣ ዘጠነኛ ክፍል
አገልግሎት፦ ሃያ ስምንት ዓመት
ታዛቢ፦ ሰናይት፣ የእንግሊዝኛ መምህርት

ቅጹ የማይጠይቀው ነገር አለ። ሰናይት ረዳታቸውም ናት። እስከ ስምንተኛ በአማርኛ ተምረው ዘጠነኛ ላይ ሁሉ ነገር እንግሊዝኛ የሚሆንባቸውን ልጆች፣ አስተማሪዎቻቸውንም ጭምር፣ እንድትደግፍ ተመድባለች። የደገፈው ሰው ራሱ ይገምግም ያለው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

3.

ሦስት ወር ሙሉ ከምሳ በኋላ መምህራን ማረፊያ ተቀምጠው ተለማመዱ። ለዛሬ ብቻ አርባ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር። ጋሽ አሰግደው በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ጽፈው እንደ ዳዊት ደገሟቸው።

«መሐል ላይ ከተቋረጥሁ መመለሻው ይጠፋብኛል» ይሏት ነበር።

«አይቋረጡም ጋሼ። እኔ ከኋላ አለሁ።»

4.

የክፍል ምልከታ ቅጽ፣ ቁጥር 5
በክፍለ ጊዜው አማርኛ ተነግሯል? ስንት ጊዜ? በማን?

ጋሽ አሰግደው እዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ዛሬም አማርኛ ተናግረው ከወደቁ ሁለት ሰዓት በእግር ወደሚያስኬድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ይዛወራሉ። የዚህን ላቦራቶሪ መደርደሪያ ሳይቀር በእጃቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው።

5.

መምህር፦ (በእንግሊዝኛ፣ ሃያ ሦስተኛው) አሲዱን ወደ ውሃው ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ውሃ ወደ አሲድ በፍጹም እንዳትጨምሩ።
መምህር፦ (ሃያ አራተኛው) ገባችሁ?
ተማሪዎች፦ የስ ቲቸር።
ዝናሽ፦ የስ ቲቸር።

ሰናይት ይህን «የስ» ታውቀዋለች። አልገባኝም ማለት በሚያሳፍርበት ክፍል ሁሉም አንድ ላይ የሚለው ነው፤ እሷም ተማሪ ሳለች ብላዋለች። ቢሆንም «ተማሪዎች ተሳትፈዋል» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

6.

አሁን ወደ ዝናሽ።

ውሃ በጠንካራ አሲድ ላይ ሲደፋ ወዲያው ይፈላና ይረጫል። ዝናሽ ልትደፋው ነው። ፊቷ አሲዱን ከያዘው ቢከር አፍ ስንዝር አይርቅም። ጋሽ አሰግደው አይተዋታል፤ ሃያ አምስተኛው ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ናቸው።

«ስቶፕ» ማለት ያቅታቸዋል ወይ ትሉኛላችሁ። አያቅታቸውም። ዓይናቸው ግን ከልጅቷ ወደ ሰናይት እስክሪብቶ ሄደ። አፋቸው ቀጠለ።

7.

ቀጠለ።

8.

«ዝናሽ! አስቀምጪው፣ ወደ ኋላ በይ!»

በአማርኛ። የጮኸችው ሰናይት ናት።

ጥቂት ጠብታ ገብቶ ነበር። ቸስ ብሎ ተፈናጠረና የዝናሽን ደብተር በሳው። ዓይኗ ደህና ነው። ሰናይት ደጋግማ አየችላት፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

9.

(ተማሪዎች ከወጡ በኋላ)

አሰግደው፦ ቁጥር አምስት ላይ አማርኛ የተናገረው አሰግደው ነው ብለሽ ጻፊ።
ሰናይት፦ እርስዎ አንድም ቃል አማርኛ አልተናገሩም እኮ ጋሼ። እውነቱን ከጻፍሁ ያልፋሉ።
አሰግደው፦ ልጅቷ ዓይኗን ልታጣ ስትል የሸመደድሁትን ሳነበንብ ነበር። በዚህ ነው የምታሳልፊኝ?
ሰናይት፦ ይዛወራሉ።
አሰግደው፦ ልዛወር። እዚያ ያሉት ልጆች ሳይገባቸው ሲቀር ይነግሩኛል።

ሰናይት ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች። ርእሰ መምህሩ ቅጹን ሊወስዱ በሩ ላይ ቆመዋል።

10.

የክፍል ምልከታ ቅጽ፣ ቁጥር 5

በክፍለ ጊዜው አማርኛ ተነግሯል? አዎ።

ስንት ጊዜ? አንድ።

በማን?