ከብልቃጥ የወጣው ቀለም

«ብልቃጡ» ይሉታል። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ቢኖርም በሙዚየሙ ውስጥ ያንን የሚያስታውስ የለም። ሥራው ምድር ቤት ነው። እዚያ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በተደረደሩ ብልቃጦች ውስጥ አልኮል ተሞልቶባቸው የሚኖሩ የሞቱ እንሽላሊቶችን ይጠብቃል፣ ያጸዳል፣ ይለያል። ሰው ሲያናግረው አንገቱን ይደፋል፤ ከእንሽላሊት ጋር ግን ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ቢቀመጥ አይሰለቸውም። የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከአገጩ ቅርፊትና ከጣቶቹ አኳኋን ለይቶ ይነግርሃል። ታላቅ እህቱ፣ «ይኼ ልጅ ትዳር የያዘ ዕለት ሚስቱን ብልቃጥ ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ያጠብቅባታል» እያለች ትስቅበታለች።

እሷ ደግሞ በአውሮፕላን ማረፊያው የዕቃ መጋዘን የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪ ናት። በሕይወት ያለ እንስሳ ወደ ውጭ ሲላክ፣ መሸጡ የተፈቀደ ይሁን የተከለከለ አይታ ማኅተም የምትመታው እሷ ናት። እሷ ካልመታች ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም፤ ከመታች ደግሞ የሚመልሰው የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ስልክ ደወለችለት።

«ብልቃጥ፣ የያዝከውን አስቀምጥና ና።»

«ምን ተገኘ?»

«የዛፍ እንሽላሊት በሳጥን መጥቷል። ወረቀቱ የእርባታ ነው ይላል፤ ሥዕልህም የእርባታ ነው ይላል። ሆዴ ግን እሺ አላለኝም።»

«ሆድሽ ምን አለ?»

«ሆዴማ ቁርስ አልበላሁም ነው የሚለው። ና ብያለሁ።»

ሥዕል ያለችው በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን መለያ ነው። ሁለት እንሽላሊቶች ጎን ለጎን ተሥለውበታል። አንዱ አረንጓዴ ነው፤ ሰዎች በግቢያቸው የሚያረቡት፣ መሸጡም የተፈቀደ። ሌላው ሰማያዊ ነው፤ ከጆሮው በላይ እሾህ የመሰሉ ቅርፊቶች ቀጥ ብለው ቆመዋል። ይኼኛው የጉም እንሽላሊት ይባላል። ጉም በማይለያቸው ተራሮች፣ በረጃጅም ዛፎች ጫፍ ላይ ብቻ ነው የሚኖረው፤ መሬት ሳይረግጥ ተወልዶ መሬት ሳይረግጥ ያረጃል ይላሉ። እየተለቀመ ሊያልቅ ጥቂት ስለቀረው መሸጡ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሁለቱንም የሣላቸው ብልቃጡ ነው። የእርባታውን ጎረቤት ግቢ ሄዶ፣ ከነሕይወቱ እያየ ሣለው። የጉሙን ግን ከየት ያምጣው? ያ ከዛፍ ጫፍ አይወርድ፣ እሱ ከምድር ቤት አይወጣ፣ የት ተገናኝተው? ስለዚህ አሮጌዎቹን ናሙናዎች ከአልኮል አውጥቶ፣ ነጭ ሳህን ላይ አጋድሞ፣ ቀለሙን ከቀለም እያስተያየ ሣላቸው። ሰማያዊው እንዲያ ሲያምርለት ብዙ ቀን ሥዕሉን እያየ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ በየመውጫ በሩ ያለ ተቆጣጣሪ ሁሉ በዚያ ሥዕል ነው የሚዳኘው።

መጋዘኑ ሲደርስ የጫኝ መኪኖች ይንጫጫሉ፣ የጎማ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እህቱ በአንድ ጥግ፣ ማራገቢያ አጠገብ ቆማለች። ከፊቷ ጎንና ጎኑ የተበሳሳ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ውስጡ አፋቸው በክር የታሰረ ትናንሽ የጨርቅ ከረጢቶች። ሳጥኑ አጠገብ አንድ ወፈር ያሉ ሽማግሌ ነጋዴ የዕቃ ጥቅል ላይ ተቀምጠው በባርኔጣቸው ራሳቸውን ያራግባሉ።

«ዶክተሩ መጣ?» አሉ ነጋዴው።

«ዶክተር አይደለሁም» አለ ብልቃጡ፣ ወለሉን እያየ።

«አይዞህ፣ ትሆናለህ።»

«ጋሼ፣ ሥራውን ይሥራበት» አለች እህቱ።

«ይሥራ፣ ማን ያዘው። ግን ልጆቼ፣ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል? እንሽላሊት እንሽላሊት ነው። አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። እነዚህ ደግሞ እንደ እኔ ሙቀት አይችሉም።»

እህቱ ወንድሟን በክርኗ ነካ አደረገችው። «እውነታቸውን ነው» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የእርባታ ሆነው ያለ ምክንያት ባግዳቸው እዚሁ ያልቁና ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። የጉሙ ሆነው ብለቃቸው ደግሞ አበቃ፤ ከባሕር ማዶ ሄዶ የተመለሰ እንሽላሊት አላየሁም። ስለዚህ አንዱን ቁርጥ አድርገህ ንገረኝ።»

ብልቃጡ ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ከረጢት ፈታ።

በእጁ ላይ የወጣውን ሲያይ የመጣበትን ጉዳይ ረሳው። አረንጓዴ ነበር፤ ግን አረንጓዴ የሚለው ቃል አነሰበት። ከጀርባዋ ፀሐይ የበራባት ቅጠል ትመስል ነበር፤ እያንዳንዷ ቅርፊት ለብቻዋ የታጠበች፣ ለብቻዋ የተወለወለች። ዓይኗን ቀጭን ቢጫ ክር ዞሮታል። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከዚያች ትንሽ ደረት ውስጥ የሚመጣው ምት በመዳፉ በኩል አልፎ ክንዱ ድረስ ተሰማው። ጅራቷን ቀስ አድርጋ በጣቱ ዙሪያ ጠመጠመች፤ ልክ ሕፃን የአዋቂ ጣት እንደሚጨብጥ። ከዚያ ራሷን ቀና አደረገችና አየችው።

ይኼን ያህል ዘመን እንሽላሊት ሲያይ ኖሮ፣ እንሽላሊት መልሳ ስታየው የመጀመሪያው ነበር። አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እህስ?» አለች እህቱ።

«አረንጓዴ ናት።»

«እሱንማ ያለ አንተም አይቻለሁ።»

«እሾኋም ተኝቷል። የጉሙ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው።»

«እና ልምታ?»

«ቆይ እስቲ።»

አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ግንባሯን አየ። በሁለቱ ዓይኖች መካከል የገብስ ፍሬ የመሰለች አንዲት ቅርፊት አለች። ይቺን ቅርፊት ያውቃታል፤ ምድር ቤት ባሉት የጉም እንሽላሊቶች ሁሉ ላይ አይቷታል። ችግሩ ከእርባታዎቹም አልፎ አልፎ እንዲህ ያላት ስለሚወጣ ብቻዋን ለምስክርነት አትበቃም። ሁለተኛውን ከረጢት ፈታ፤ እዚያም አለች። ሦስተኛውም ላይ አለች። በዚህ ሁሉ መሀል ግን ቀለሙ አረንጓዴ፣ እሾሁም የተኛ። በደንብ የሚያውቀው ዘመድ የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ መንገድ ላይ እንዳጋጠመው ሆኖ ተሰማው፤ እሱ ነው እንዳይል ልብሱ፣ አይደለም እንዳይል ፊቱ።

ከከረጢቶቹ በአንዱ ውስጥ የነበረችው ሞታ ነበር። ገና አልደረቀችም፤ ቀለሟም አልጠፋም። ብልቃጡ ምንም ሳያስብ ከትከሻ ቦርሳው አልኮል ያለበትን ብልቃጥ አውጥቶ ከተታትና ከደነው። የትም ቢሄድ ያ ብልቃጥ ከእሱ አይለይም፤ የሞተ እንሽላሊት ሲያይ እጁ ራሱ ነው የሚሠራው።

«ደግሞ ጀመረህ» አለች እህቱ። «ከሞተው ጋር ምን አለህ? ስለ ቆመው ንገረኝ እንጂ።»

«ግንባሯ የጉሙ ነው።»

«ሥዕሉስ?»

«ሥዕሉ አይደለም ይላል።»

«ሥዕሉን የሣልከው አንተ አይደለህም እንዴ? ከራስህ ጋር ተጣልተህ እኔን መሀል ታስገባኛለህ?»

ነጋዴው ሳቁ። «እመቤቴ፣ ይኼ ልጅ ሲያስብ አውሮፕላኑ ሄዶ ይመለሳል።»

ብልቃጡ ሕያዋኑ ያሉባቸውን ከረጢቶች ከማራገቢያው ፊት አራርቆ አስቀመጠና ጨርቃቸውን በውሃ አራሰ። ከዚያ እንደገና አንድ በአንድ እያወጣ በመነጽሩ ያያቸው ጀመር። አንዷ ልሳኗን ብቅ አድርጋ የውሃውን ጠብታ ከቅንድቧ ላይ ላሰች። ሌላዋ ሆዷ ሰፍቶ ነበር፤ በቆዳው ሥር አንድ ነገር ገለበጥ ሲል አየ፤ ልጆች ይሁኑ እንቁላል ማወቅ አልቻለም። ዕድሜውን ሙሉ ያነበበው ሁሉ የደብዳቤ ፖስታ ብቻ ሆኖ ታየው፤ ደብዳቤው እነሆ ዛሬ እጁ ላይ ይንቀሳቀሳል።

ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ስትደርስ ጫኞቹ መጡ። «ሳጥኑ ይሄዳል አይሄድም?» አሉ። እህቱ ማኅተሟን ከኪሷ አወጣች። ወንድሟን አየችው፤ ላብ አጥምቆታል፣ ከንፈሩን ይነክሳል።

«ብልቃጥ፣ ወንድሜ ነህ፤ ግን ‹ወንድሜን ግንባሯ ደስ አላለውም› ብዬ ሰነድ ላይ አልጽፍም። የሚጨበጥ ነገር ስጠኝ።»

«የለኝም» አለ ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ ነው ነጋዴው፣ ወለሉ ላይ ወዳለው የመስታወት ብልቃጥ ዝቅ ብለው ያዩት።

«ልጄ፣ ይኼ ውሃ ነበር ሻይ?» አሉ።

«አልኮል ነው።»

«ጠዋት ስትከታት እንደ ምንጭ የጠራ ነበር። አሁን እየው፣ ቢጫ ሆኗል።»

ብልቃጡ ብልቃጡን አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። እውነትም ቢጫ ነው። ቀጭን ቢጫ ጭስ ከእንሽላሊቷ ቆዳ እየተነሣ በአልኮሉ ውስጥ ይበተናል። ክዳኑን ከፍቶ በመቆንጠጫ ጅራቷን ይዞ ወደ ላይ ሳባት። የጅራቷ ጫፍ ሰማያዊ ሆኗል። ጣቶቿም። ሰማያዊው እንደ ጎርፍ ሳይሆን እንደ ንጋት እየቀደመ፣ ቅርፊት በቅርፊት፣ ወደ ጀርባዋ ይወጣል። ቆዳዋ አልኮሉ ውሃዋን እየመጠጠው ተጨማትሯል፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው የተኛ እሾህም ብድግ ብሎ ቆሟል።

እህቱ ተንደርድራ መጣች። ከእንሽላሊቷ ወደ ግድግዳው ሥዕል፣ ከሥዕሉ ወደ እንሽላሊቷ አየች። ወንድሟ የሣለው እንሽላሊት፣ ያው ራሱ፣ ከመቆንጠጫው ተንጠልጥሏል።

«ይኼ ምን ማለት ነው?» አለች።

ብልቃጡ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ቀና አድርጎ ተናገረ። «አረንጓዴነቷ ቢጫ በሰማያዊ ላይ ተደርቦ የመጣ ነው። አልኮሉ ቢጫውን ያጥበዋል፤ ሰማያዊው ይቀራል። የእርባታው አልኮል ሲገባ እንደ ጭቃ ነው የሚጠቁረው፤ ብዙ አለን፣ አንድም ሰማያዊ የለም። እነዚህ የጉሙ ናቸው። የጉሙ እንሽላሊት በሕይወቱ አረንጓዴ ነው። እኔ የሣልኩት የሞተውን ነው።»

ብልቃጡ መቆንጠጫውን እንደያዘ ቀረ። ያ ሁሉ ያኮራው ውብ ሰማያዊ የአስከሬን ቀለም መሆኑን አንድም ቀን አልጠረጠረም ነበር።

እህቱ ማኅተሙን ወደ ኪሷ መለሰችው። «ሳጥኑ ታግዷል» አለች። ቀጥላም፣ «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በዚህ ሥዕል ስንቱን አረንጓዴ አሳልፈናል?» አለች።

ነጋዴው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «እኔም የእናንተን ሥዕል አይቼ ነው የገዛሁት» አሉ። «አረንጓዴ ከሆነ የተፈቀደ ነው አላችሁ፤ አረንጓዴ አመጡልኝ።»

«ወረቀቱስ፣ ጋሼ? የእርባታ ነው የሚለው?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ወረቀቱን እነሱ ናቸው የሞሉት። አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።» ከዚያ ከአንዱ ከረጢት አንገቷን ብቅ ያደረገችውን ሕያው እንሽላሊት ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ «የተለቀሙበትን ተራራ አውቀዋለሁ። ጻፊ፣ ልንገርሽ» አሏት።

እህቱ ተራራውን ጻፈች፤ ከዚያ በዚያው እስክሪብቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰማያዊ እንሽላሊት ድምቅ አድርጋ ሰረዘችው። ወንድሟ ተነሥቶ ሥዕሉን ነቀለው። ሕያዋኑ እስኪመለሱ ምድር ቤት ውስጥ በቅጠል መካከል አኖራቸው፤ በዚያም ሳለ ቢጫውን በሰማያዊ ላይ እየደረበ፣ እያበላሸ፣ እየቀደደ፣ አዲስ መለያ ሣለ። ሥዕሉ ወደየበሮቹ በተላከ ማግስት ከእህቱና ከአንድ የደን ጠባቂ ጋር ወደ ተራራው ወጡ።

ጉሙ ከወገብ በላይ ያለውን ሁሉ ውጦት ነበር። ዛፎቹ ግንዳቸው ይታያል እንጂ መጨረሻቸው አይታይም። የደን ጠባቂው በገመድ እየወጣ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ፈታ። የመጨረሻዋን ግን ብልቃጡ፣ «እኔ ልልቀቃት» አለ።

«አንተ?» አለች እህቱ። «ወንበር ላይ ቆመህ አምፖል መቀየር የምትፈራው?»

«ያዢልኝ ገመዱን።»

ገመዱን ጨብጦ ወጣ። ከጉሙ ውስጥ ሲገባ ዓለም ነጭና አረንጓዴ ብቻ ሆነ። ቅርንጫፉ በሙሉ እንደ ፀጉር በሚንጠለጠል የዛፍ ሽበት ተሸፍኗል፤ ከያንዳንዱ ክር ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ከረጢቱን ፈታ። እንሽላሊቷ ጅራቷን ከጣቱ ላይ ቀስ አድርጋ ፈታች፣ ቅርንጫፉን ያዘች፣ ሁለት ቅጠል ተራመደች፣ ቆመች። እሱ ዓይኑን አልነቀለም። ውሃ ጠብ ብሎበት አንዴ ጨፈን ገለጥ አደረገ።

የለችም።

ከቅርፊት ቅርፊት የሚለይ ዓይኑን በየቅጠሉ ላይ አዞረ። እዚህ ጋ የምትተነፍስ ቅጠል ያለች መሰለው፤ ጠጋ ሲል ቅጠል ናት። እዚያ ጋ የቢጫ ክር ያየ መሰለው፤ የጤዛ ብልጭታ ነው። ከላዩም ከሥሩም፣ ከግራም ከቀኝም፣ የተለቀቁትም ከድሮም እዚያ የነበሩትም፣ በዚያ ሁሉ አረንጓዴ ውስጥ ሆነው እያዩት እንደሆነ ገባው፤ እሱ ግን አንዷን እንኳ ለይቶ ማየት አልቻለም።

«አየሃት?» ስትል ጮኸች እህቱ ከታች፣ ከጉሙ ሥር።

ብልቃጡ ግንዱን አቅፎ፣ እጁ እየራሰ፣ ብዙ ቆየ።

«የለም» አላት። «አላየኋትም።» ድምፁ ግን ደስታውን መደበቅ አልቻለም።